ታባርድ የት ገባ? ባለቤቱስ ማን ነበር?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኸውና፦ «ለንደን ነው የምኖረው። ከለንደን ብሪጅ ባቡር ጣቢያ ወጥቼ ቦሮ ሃይ ስትሪትን ይዤ ስሄድ፣ ታልቦት ያርድ በምትባል ጠባብ ግቢ ውስጥ ሰማያዊ ሰሌዳ አየሁ። የእንግሊዙ ባለቅኔ የቾሰር ተሳላሚዎች ጉዞ የጀመሩበት ታባርድ የሚባል የእንግዳ ማረፊያ እዚህ ነበር ይላል። ማረፊያው በእውነት ነበረ ወይስ የደራሲ ፈጠራ ነው? ባለቤቱስ ማን ነበር? ታባርድ ከነበረ ደግሞ ግቢው ለምን ታልቦት ተባለ?»

ማረፊያው ነበረ። ባለቤትም ነበረው። ችግሩ ያለው «ባለቤት» የምትለው ቃል ላይ ነው። ባለቤት ስንል መሬቱ የሱ የሆነውን ሰው ማለታችን ሊሆን ይችላል። ደጃፍ ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ» የሚለውን፣ ማታ ሂሳብ የሚቀበለውን ሰውም ማለታችን ሊሆን ይችላል። ታባርድ ላይ እነዚህ ሁለቱ ለረጅም ዘመን የተለያዩ ነበሩ። የቦታው ጌታ ገዳም ነበር። ቤቱን የሚያሠራው ደግሞ አንድ የሰፈሩ ሰው ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከገዳሙ እንጀምር። ከለንደን ወደ ደቡብ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዊንቸስተር የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ሃይድ የሚባል ሀብታም ገዳም ነበር። የገዳሙ አበምኔት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቦታውን ገዛ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ዓመት 1307 ነው። አበምኔት በዚያ ዘመን ጸሎተኛ ብቻ አልነበረም። ርስት ያለው፣ ጭሰኛ ያለው፣ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ትልቅ ጌታ ነበር። ጉዳይ ለመጨረስ ለንደን ሲመጣ እሱና መነኮሳቱ የሚያርፉበት ቤት ያስፈልገው ነበር። የበላዩ የዊንቸስተር ጳጳስም የለንደን ቤተ መንግሥቱ ታባርድ ባለበት ሰፈር፣ በሳዘርክ፣ ነበር። አበምኔቱ ለራሱ ማረፊያ ሠራ። አጠገቡ ደግሞ ገንዘብ የሚያመጣ የእንግዳ ማደሪያ ነበረው። ደብሮቻችን በአጥራቸው ዙሪያ ሱቅ ሠርተው ሲያከራዩ ለምናይ ለእኛ ነገሩ ብዙም እንግዳ አይደለም።

ቦታው በደንብ ታስቦበት የተመረጠ ነው። ሳዘርክ ከቴምዝ ወንዝ ወዲህ ማዶ፣ በደቡብ በኩል ነው። ለንደን በቅጥር የታጠረች ከተማ ነበረች። በከተማዋ በኩል እስከ 1750 ድረስ ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ አንድ ብቻ ነበር። የድልድዩ በር ማታ ይዘጋል። ከደቡብ መጥቶ የመሸበት ሰው ወዲህ ማዶ ያድራል። ነገ በሌሊት ወደ ደቡብ የሚነሳም በሩ እስኪከፈት ላለመጠበቅ ከዋዜማው ተሻግሮ ወዲህ ያድራል። ስለዚህ መንገዱ ዳር ዳሩን አልጋ ቤት በአልጋ ቤት ሆነ። መናኸሪያ አካባቢ ያለ ሰፈር አስቡ። በ1598 ስለ ለንደን የጻፈው ጆን ስቶው የማረፊያዎቹን ስም ሲደረድር ታባርድ፣ ጆርጅ፣ ቡል፣ ኩዊንስ ሄድ፣ ሃርት፣ ኪንግስ ሄድ እያለ ይቀጥላል።

ስሞቹ እንዲህ የሆኑት አብዛኛው ሰው ማንበብ ስለማይችል ነው። ደጃፍ ላይ የሚሰቀለው ሥዕል ነበር። በሬ ካየህ ቡል ነው። ታባርድ ደግሞ እጅጌ የሌለው ካባ ነው። ጎንና ጎኑ ክፍት፣ አንገቱ ማዕዘን የሆነ ልብስ። የንጉሥ አዋጅ ነጋሪዎች የጌታቸውን ዓርማ አስጠልፈው ከላይ ይደርቡት ነበር። ሥዕሉ ካባ ስለነበር ቤቱም «ካባው» ተባለ ማለት ነው። ይቺን ካባ ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ቾሰር። ጄፍሪ ቾሰር ባለቅኔ ከመባሉ በፊት የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከ1374 እስከ 1386 በለንደን ወደብ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሆኖ ሲሠራ ሳዘርክ ዓይኑ ሥር ነበረች። በ1380ዎቹ መጨረሻ ላይ የጀመረው ትልቁ ሥራው፣ የካንተርበሪ ተረቶች፣ የሚከፈተው ታባርድ ውስጥ ነው። ተራኪው ብቻውን አርፎ ሳለ፣ ወደ ማታ ላይ ሃያ ዘጠኝ የሚሆኑ ሰዎች ይመጣሉ። ሁሉም ወደ ካንተርበሪ ሊሳለሙ የሚሄዱ ናቸው። በ1170 በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ የተገደለው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት መቃብር እዚያ ነው። መንገዱ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ብዙ ሰው ሲያነብ ወደ ባላባቱ፣ ወደ መነኩሲቷ፣ ወደ ባለ አምስት ባሏ ሴት ይሮጣል። እኔ ሳስተምር ሁልጊዜ ተማሪዎቼን ባለ ማረፊያው ላይ አስቆማቸው ነበር። ቾሰር በጥቂት ስንኝ ይስለዋል። ግዙፍ ሰው ነው፣ ዓይኑ ጎላ ጎላ ያለ። ንግግሩ ደፋር፣ ጨዋታ አዋቂ። የለንደን ትልልቅ ነጋዴዎች ካሉበት ሰፈር ቢያቆሙት የሚያፍር አይደለም። ራት በጥሩ አድርጎ ያቀርባል፣ ጠንከር ያለ ወይን ጠጅ ያስቀዳል።

ከዚያ አንዲት ነገር ይመጣል። ሰውዬው መጫወት የሚጀምረው፣ ቀልዱን የሚያወጣው እንግዶቹ ሂሳባቸውን ከዘጉ በኋላ ነው። ቾሰር ይህን ጎላ አድርጎ አይናገርም፣ እንደ ዋዛ ጣል አድርጎት ያልፋል። ሂሳብ ተከፈለ፣ ባለቤቱ ፈገግ አለ። ሆቴል ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል።

ሐሳቡንም የሚያመጣው እሱ ነው። መንገዱ እንዳይሰለቻችሁ እያንዳንዳችሁ ስትሄዱ ሁለት፣ ስትመለሱ ሁለት ተረት ተናገሩ ይላል። ያሸነፈ ሰው ሲመለስ በሌሎቹ ወጪ ራት ይጋበዛል። የት? እዚሁ ታባርድ። ሠላሳ ሰው ደርሶ መልስ ደንበኛ አደረገ ማለት ነው። ዳኛውም እኔ ነኝ፣ አብሬያችሁም እሄዳለሁ፣ ፍርዴን የተቃወመ የመንገዱን ወጪ ሁሉ ይሸፍናል ብሎ ጨመረበት። ሁሉም እሺ አሉ። ወይን ጠጁ ጠንካራ ነው ብያለሁ። ጠዋት እንደ አውራ ዶሮ ቀስቅሶ አስነሳቸው። ትንሽ እንደ ሄዱ ውሃ የሚጠጣበት ቦታ ላይ አቁሞ ዕጣ አስወጣቸው።

ስሙን ወዲያው አናገኘውም። የምንሰማው ቆይተን ከተሳላሚዎቹ አንዱ ከሆነው ከወጥ ቤቱ አፍ ነው። ባለ ማረፊያው ወጥ ቤቱን ይነካካዋል። ሁለት ጊዜ ሞቆ ሁለት ጊዜ የቀዘቀዘ ምግብ ስንቴ ሸጠሃል፣ ሱቅህስ ዝንብ በዝንብ ነው ይለዋል። ወጥ ቤቱም ይስቅና «ሃሪ ቤይሊ» ብሎ በስሙ ይጠራዋል። ሳንለያይ ስለ አንድ ባለ ማረፊያ ተረት አለኝ፣ ቆይ ብቻ ይለዋል። ሁለት ምግብ ሻጮች በአንድ መንገድ ላይ!

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ሃሪ ቤይሊ የፈጠራ ስም አይደለም። በ1380 እና 1381 በሳዘርክ በተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ላይ «ሄንሪ ቤይሊፍ፣ ኦስትለር» የሚል ሰው አለ። ሚስቱ ክርስቲያን ትባላለች። የተጣለባቸው ሁለት ሽልንግ ነው። ሃሪ ማለት ሄንሪ ነው፣ የቤት ስሙ ነው። «ኦስትለር» የሚለው ቃል ኋላ ላይ የፈረስ ጠባቂ፣ ሳይስ ማለት ሆነ። ያኔ ግን የማረፊያ ቤት ባለቤት ማለት ነበር። ይህን የማያውቅ አንባቢ ሰውዬውን ጋጣ ጠራጊ አድርጎ ያነበዋል። ሃሪ ቤይሊ ከዚያ በፊት በ1376 እና በ1378 ሳዘርክን ወክሎ ፓርላማ ገብቷል። ጋጣ ጠራጊ ፓርላማ አይገባም፣ ቢያንስ በዚያ ዘመን።

ሳንጠነቀቅ እንዳንሄድ ግን አንድ ነገር። ሰነዱ ሰውዬው በሳዘርክ ባለ ማረፊያ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ታባርድን በስም አይጠራም። ታባርድ ጋር የሚያገናኘው ቾሰር ነው። እኔ ግን አምናለሁ። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን የኖሩ የታወቁ ሰዎች ናቸው። ቾሰር ራሱ በ1386 ፓርላማ ገብቷል። ግጥሙን መጀመሪያ የሰሙት ሰዎች ሃሪ ቤይሊ ሲባል ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። በሕይወት ያለ የታወቀ ባለ ሆቴልን ስሙን ጠርተህ የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ብታስቀምጠው ቀልዱ ይሞታል።

ሚስቱ ላይ ግን ቾሰር ተጫውቶበታል። በግጥሙ ውስጥ ባለ ማረፊያው ስለ ሚስቱ ያማርራል። አሽከሮቹን ሲቀጣ ትልልቁን ዱላ የምታቀብለው እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ጎረቤት በደንብ እጅ ካልነሳት ቤት ስትገባ «አንተ ደግሞ ወንድ ነህ?» እያለች ትሞልጨዋለች። ስሟን ጉድሊፍ ይላታል። መዝገቡ ላይ ያለችው ሚስት ግን ክርስቲያን ናት። ጉድሊፍ የሚለው ስም ነው ወይስ «ደግዬ» እንደማለት የሽሙጥ መጠሪያ ነው በሚለው አዋቂዎቹ አይስማሙም። ለእኔ ሽሙጡ ያመዝናል። ክርስቲያን የተባለችው እውነተኛዋ ሴት ይህን ሰምታ ምን እንዳለች ማወቅ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ያን የግብር መዝገብ ቶሎ እንዳንዘጋው። ያ የነፍስ ወከፍ ግብር ነው በ1381 የእንግሊዝን ገበሬዎች ያስነሳው። በሰኔ ወር ካንተርበሪ ካለችበት አውራጃ፣ ከኬንት፣ የተነሱት አመፀኞች ወደ ለንደን ሲዘልቁ በሳዘርክ በኩል ነው ያለፉት። እዚያው የነበረውን የማርሻልሲ እስር ቤት ሰብረው እስረኛ ለቀዋል። የካንተርበሪ መንገድ ማለት ያው የኬንት መንገድ ነው። ተሳላሚም ይሄድበታል፣ አመፀኛም ይመጣበታል። ባለ ማረፊያ ለሁለቱም በሩ ክፍት ነው፣ ባይወድም።

ቤቱ ምን ይመስል ነበር? የሃሪ ቤይሊን ዘመን ቤት የሚያሳይ ሥዕል የለንም። ቾሰር የሚለን ክፍሎቹም ጋጣዎቹም ሰፋፊ እንደነበሩ ብቻ ነው። በኋላ ዘመን የሳዘርክ ማረፊያዎች ግን አሠራራቸው አንድ ዓይነት ነበር። ከመንገዱ ሠረገላ የሚያስገባ በር አለ። በሩን ሲያልፉ ረዥም ግቢ ይመጣል። ግቢው ዙሪያውን ፎቅ ነው። በፎቁ ፊት ለፊት ባለ ከለላ የእንጨት ሰገነት ይዞራል፣ የክፍሎቹ በር የሚከፈተው ወደዚያ ሰገነት ነው። ምድር ቤቱ ጋጣና ዕቃ ቤት ነው። አልጋ ለብቻ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረም። የማያውቁት ሰው አጠገብ መተኛት የተለመደ ነው።

የማያውቁት ሰው አጠገብ ሲያድሩ ደግሞ ሌብነት አለ። የእንግሊዝ ሕግ እዚህ ላይ ጥብቅ ነበር። የመንገደኛ ዕቃ ማረፊያው ውስጥ ከጠፋ ኃላፊው ባለ ማረፊያው ነው። በ1584 የተፈረደ የታወቀ ክስ ይህንን መርህ አጽንቶታል። ባለ ማረፊያው ቦታ እያለው መንገደኛ መመለስም አይችልም። በምላሹ ሂሳብ ያልከፈለ እንግዳን ዕቃ መያዝ ይችላል። ታዲያ ሃሪ ቤይሊ ቀልዱን ከሂሳብ በኋላ ቢያደርገው ምን ይገርማል?

ወደ መሬቱ ጌታ እንመለስ። በ1530ዎቹ መጨረሻ ላይ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የእንግሊዝን ገዳማት ዘጋ፣ ርስታቸውንም ወሰደ። የቶማስ ቤኬት መቃብር በ1538 ፈረሰ። ታባርድ በአንድ ጊዜ ሁለቱን አጣ፤ ጌታውን ገዳምና ደንበኞቹን ተሳላሚዎች። ቦታው ጆን ማስተርና ቶማስ ማስተር ለሚባሉ ሰዎች ተሸጠ። በዝርዝሩ ላይ ማረፊያው ብቻ አይደለም የተጻፈው። የአበምኔቱ ቤት፣ የአበምኔቱ ጋጣ፣ የአትክልት ቦታው፣ ሌላው ቀርቶ ወደ ቴምዝ በሚወርደው ቦይ በኩል ያለው የፍግ መጣያ ሳይቀር ተቆጥሯል። የፈረስ ፍግ ገንዘብ ነበርና አይገርምም።

ሰው «ተሳላሚ ከቀረ ማረፊያው ያኔ ለምን አልተዘጋም?» ሊል ይችላል። መንገዱ ስላልቀረ ነው። ኬንት ለንደንን ትመግባለች። ዶቨር ወደብ ነው። ጭነኛ፣ ነጋዴ፣ መልእክተኛ መመላለሱን አላቆመም። ታባርድም የጭነት ሠረገላ መነሻ ሆኖ ቀጠለ።

ከዚያ እሳት መጣ። ስለ 1666ቱ የለንደን ቃጠሎ ሁሉም ሰምቷል። ያ እሳት ሳዘርክን አልነካም። የሳዘርክ ተራ የደረሰው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 26 ቀን 1676 ነው። እሳቱ 17 ሰዓት ያህል ነደደ። እንዳይዛመት ቤቶችን በባሩድ እያፈረሱ ነው የገቱት። የቾሰር ታባርድ ያን ቀን አበቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሌላ ቤት ነው፣ ቦታው አንድ ቢሆንም።

ወዲያው ተሠራ። የግቢው ስም ጉዳይም የሚፈታው እዚህ ነው። በዚያው ዘመን የነበረው ጆን ኦብሪ የተባለ ጸሐፊ እንደሚነግረን፣ ቤቱ እንደገና ሲሠራ አላዋቂ ባለቤት ወይም ተከራይ በታባርድ ፈንታ ታልቦት ብሎ ሰቀለ። ታልቦት የአደን ውሻ ዓይነት ነው። ካባዋ ወርዳ ውሻ ወጣ ማለት ነው። አላዋቂነት ብቻ ነበር ወይ? እኔ ለሰውዬው ትንሽ አዝንለታለሁ። በ1676 ታባርድ የሚለብስ ሰው በየመንገዱ አይታይም። ሁለቱ ቃላት በጆሮ ይቀራረባሉ። ሥዕል የሚስለው ሰው «ታባርድ ምንድነው?» ቢለው መልስ አልነበረው ይሆናል። ውሻ ግን ሁሉም ያውቃል።

አዲሱ ቤት በቾሰር ስም መነገዱን አልተወም። መንገዱን ተሻግሮ ምልክቱን በሚይዘው አግድም እንጨት ላይ፣ ሰር ጄፍሪ ቾሰርና ሃያ ዘጠኙ ተሳላሚዎች በ1383 ያደሩበት ማረፊያ ይህ ነው የሚል ጽሑፍ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መንገድ ላይ የተንጠለጠሉ ምልክቶች እንዲነሱ ሲታዘዝ እሱም ወረደ። ቾሰር «ሰር» የሚያሰኝ ማዕረግ ተቀብሎ አያውቅም። ተሳላሚዎቹም የግጥም ሰዎች ናቸው፣ የትም አላደሩም። ከእሳት በኋላ የተሠራ ቤት ላይ «ይህ ነው» ማለትም ድፍረት ነው። ግን ማስታወቂያ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ!

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። በሠረገላ ዘመን ሳዘርክ ደመቀች። በ1836 ግን የለንደን ብሪጅ ባቡር ጣቢያ ተከፈተ፣ ከማረፊያዎቹ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ። ረዥም ጊዜ ይፈጅ የነበረው የኬንት መንገድ የሰዓታት ጉዳይ ሆነ። መንገድ ላይ ማደር ቀረ። ማደር ከቀረ ጋጣ ምን ይሠራል? ግቢዎቹ የዕቃ መጋዘን ሆኑ። ታልቦት በ1870ዎቹ ፈረሰ። ጎረቤቱ ሃርት በ1889 ተከተለ። እሳቱ ታባርድን በአንድ ቀን አውድሞት እንደገና ተሠርቷል። ባቡሩ ግን ሥራውን ነው የወሰደበት፣ ሥራ የሌለውን ቤት የሚሠራ የለም።

እንግዲህ ጠያቂዬ፣ እርስዎ ያዩት ሰሌዳ በ2003 የተሰቀለ ነው። በግቢው ውስጥ ከዚያ ሌላ የሚታይ የለም። አንድ ነገር ግን ልጠቁምዎት። ከታልቦት ያርድ ወጥተው ወደ ድልድዩ አቅጣጫ ጥቂት እርምጃ ቢሄዱ ጆርጅን ያገኛሉ። እሱም በ1676 ተቃጥሎ በዓመቱ የተሠራ ነው። የባቡር ኩባንያ ገዝቶት አብዛኛውን ጎኑን አፍርሶበታል። አንዱ ጎን ግን ተርፎ ከ1937 ጀምሮ በቅርስ ጥበቃ ሥር ነው፣ ዛሬም መጠጥ ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው ቀና ይበሉ። ያ የእንጨት ሰገነት እንዳለ አለ። የተረፈውን አንድ ጎን በሌሎቹም ጎኖች ላይ ይድገሙት፣ ግቢውን በሠረገላ ይሙሉት፤ ያኔ ታልቦትን አዩት ማለት ነው። የሃሪ ቤይሊን ታባርድ ከፈለጉ ግን ቾሰርን ይክፈቱ፤ ሂሳቡ የሚዘጋበትን ቦታ ሳያልፉት።